አምስት ጎማ ለሁለት መንገድ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17። ጧት 2፡30

ዝናብ። እንደገና ንፋስ ሞላሁ። የኋላ ግራው በሦስት ቀን ሁለቴ ተነፈሰ። ጥርሱ አልቋል፤ እንደ ሽማግሌ ድድ ልሙጥ። ደብተሬ ሆይ፣ ዛሬ የማማርርህ ስለ ጎማ ብቻ አይደለም። ስለ ወንድሜም ነው።

ደረጀ ተነሥቷል። ማለትም ከአልጋ ወርዷል፤ መነሣት ሌላ ነው። አርባ ዓመቱ። የፊልድ መኪናዋ የሁለታችን ናት፣ ካባታችን ቤት ሽያጭ የተገዛች። እኔ እነዳለሁ፣ ዘይት እቀይራለሁ፣ ክሪክ አስገብቼ ጎማ እፈታለሁ። እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ አጥቦ ለሰርግ አጀብ ያሰልፋታል። የሥራ ክፍፍል ይለዋል።

ሥራ አለኝ። ከሐምሌ 1 ጀምሮ ሦስት ሳምንት። ሦስት ነርሶችና የክትባት ሣጥን ይዤ ወደ ቆላ። 200 ኪ.ሜ አስፋልት፣ 60 ጠጠርና ቁልቁለት፣ የመጨረሻው 30 መረሬ፣ ጎማ የሚይዝ ጥቁር አፈር። መረሬ በሐምሌ! በሣጥኑ ያለው በረዶ ሳይቀልጥ መድረስ አለብኝ። በዚህ ጎማ እንኳን ቆላ፣ ራጉኤልም አልደርስ።

ያው ቀን። ከሰዓት 9

ለደረጀ ጎማ እንቀይር አልኩት። ዓይኑ በራ። ስልኩን አምጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ፤ ጥርሱ የጡብ ግማሽ የሚያህል የጭቃ ጎማ፣ መኪናዋ ወንዝ ውስጥ ስትዘል። ይሄን እንግጠም አለ። ግርማ ሞገስ ይሰጣል አለ። ሙሽሮች ይወዱታል አለ።

በቪዲዮ ጎማ የሚመርጥ ሰው ሚስት በምን እንደሚመርጥ አሰብኩ። ለካ ለዚህ ነው ሳያገባ የቀረው።

ነገርኩት። የጭቃ ጎማ አስፋልት ላይ እንደ ጅብ ይጮኻል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ዝናብ ሲሆን ፍሬን ስትይዝ ይንሸራተታል፤ ጥርሱ የተራራቀ ስለሆነ መሬቱን የሚነካው ጎማ ትንሽ ነው። የአስፋልቱ ደግሞ መረሬ ላይ ጥርሱ በጭቃ ይደፈንና እዚያው ይሽከረከራል። ለእኛ መንገድ የሚሆነው መሃለኛው፣ ድብልቁ ነው። ጎኑ ወፍራም፣ ባለ አስር ፕላይ፣ ድርብርብ፣ ድንጋይ የማይቀደው። ሰማኝ። ከዚያ፣ እሺ፣ የጭቃው ግን በጥቁር ነው በነጭ ጽሑፍ የሚያምረው? አለኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19። ከሰዓት 10

ጎማ ተራ ዋልን። እግሬ ድረስ ጭቃ። ደረጀ ነጭ ጫማ አድርጎ መጣ። ወደ መርካቶ፣ በሰኔ፣ በነጭ ጫማ!

ደላሎቹ ከአውቶቡስ ተራ ጀምረው ተከተሉን። አንዱ፣ እናቴ፣ ባለቤትዎ የያዙት ምን ዓይነት መኪና ነው? ባለቤቴ ሞቷል፣ መኪናዋ ግን አለች አልኩት። ወደ ደረጀ ዞረ። አንዱ ሱቅ ለሴት የሚሆን ለስላሳ ጎማ አለን አሉኝ። ለስላሳ! እንጀራ ልገዛ የመጣሁ መስሏቸው። ሌላው አሮጌ ጎማ በጥቁር ቀለም አስውቦ አዲስ ነው ይላል። ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ ጣቴ ላይ ቀረ። ጣቴን አሳየሁት። አላፈረም። እዚህ ሰፈር ማፈር ከተሸጠ ቆይቷል።

በመጨረሻ ጋሽ ሸምሱ ዘንድ ገባን። የአባቴ ወዳጅ ናቸው። አባቴ አውቶቡስ ተራ ጎሚስታ ሳለ ጎማ የሚያመጣው ከእሳቸው ነበር፤ በዘጠኝ ዓመቴ ካላማዳሪ፣ የውስጡን ጎማ፣ ስለጥፍ ያዩኝ ነበር። በዚህ ገበያ የማልንቀው ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው።

በድምፄ አወቁኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ከመንገድሽ ስንት እጁ አስፋልት ነው?»

«ከሦስት ሁለት እጁ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ድብልቁን ውሰጂ። መረሬ ስትገቢ ንፋስ ትቀንሻለሽ፣ አስፋልት ስትወጪ ትሞያለሽ። በቃ።»

ቃል በቃል ያልኩት። ደረጀን አየሁት። ነጭ ጫማውን ያያል። ጋሽ ሸ. የጎማውን ጥርስ በጣታቸው ዳሰሱ፣ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። ዕውቀት እንዲህ ነው። አራት ጎማና አንድ መጠባበቂያ፣ ስኮርታ፤ የእህታቸው ልጅ ሰሚር ከመጋዘን አውጥቶ ጫነልን።

ዓርብ፣ ሰኔ 20። ቀትር

ምን ብዬ ልጻፍ።

ጎሚስታው ዘንድ አራቱን አስገጠምን። ደረጀ አኩርፎ ፎቶ ያነሳል፤ ለጓደኞቹ ሊያላግጥ። አጉልቶ እያየ ቆመ። እትዬ፣ የተሠራበት ቁጥር የታለ? አለ።

አራት አሃዝ ነው። ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራል። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል፤ ይደርቃል፣ ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቃል፣ ቁልቁለት ላይ ጭነት ሲከብደው ይፈነዳል። ይህን እኔ ነኝ ያስተማርኩት። በአንድ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ወደ ውስጥ ዞሮ ይሆናል አልኩት። ባላዋቂ አነጋገር አታድክመኝ አልኩት። ጎሚስታው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ደረጀ ያንን ነጭ ጫማና ነጭ ሸሚዝ ይዞ ጭቃው ላይ በጀርባው ተኛና መኪናዋ ሥር ገባ። የስልኩ መብራት አንዱን ጎማ አየ፣ ሌላውን አየ። ቆየ።

ወጥቶ ቀስ ብሎ ነገረኝ። በአራቱም ላይ ቦታው ተፍቋል። በላዩ ቀለም ተቀብቷል።

ስኮርታውን ራሴ አገላበጥኩ። የተፋቀ። የደላላውን ቀለም በጣቴ የፈተንኩ ሴትዮ ይኼን አልፈተሽኩም። ለምን? ሻጩ የአባቴ ወዳጅ ስለሆነ። ነርሶቹን ይዤ ገደል አፋፍ ላይ ልሄድ ነበር። የታናሿ ነርስ ልጅ ገና ጡት አልጣለም፤ ለጉዞው ስንስማማ የነገረችኝ ነው።

ከሰሞኑ የናቅኋቸውን ሁሉ በመደዳ አቁሜ አየኋቸው። ከሁሉም ማዶ የቆምኩት እኔው፣ አስካለ፣ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21። ከሰዓት 8

ጧት አምስቱንም ፈትተን አሮጌዎቹን መልሰን ገጥመን ወደ ጋሽ ሸምሱ ሄድን። ንዴቴ ከእኔ ቀድሞ ሱቅ ገባ። የተፋቀውን ጎማ ፊታቸው አቆምኩ።

«ጋሼ፣ ይኼ ምንድነው?»

«ምኑ?»

«እዩት እንጂ!»

አላዩም። እጃቸውን ዘርግተው ጎኑን ዳሰሱ። የተፋቀው ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ።

«ሰሚር የለም?» አሉ። የለም። «በሩን መልሺው ልጄ።»

መለስኩ። ዓይናቸው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኗል። ብርሃንና ጥላ ብቻ። ለማንም አልተናገሩም፤ ዓይነ ስውር ነጋዴ መርካቶ ውስጥ አንድ ሳምንት አያድርም አሉ። ዕቃ የሚያስገባውም የሚያነብላቸውም ሰሚር ነው። ዕውቀት ያልኩት ዳሰሳ…

ሰሚር መጣ። ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው፣ አላረጀም፣ ቆሞ የቆየ ነው አለ። ጋሽ ሸ. አልጮኹም። እጃቸውን ዘርግተው የመጋዘኑን ቁልፍ ጠየቁ። ሰጠ። ሂድ አሉት። ሄደ።

ከዚያ ያልጠበቅሁት ሆነ። ክንዴን ያዙ። ከማዶ ጋሽ ወልዴ ሱቅ ውሰጂኝ አሉ። ከዚያ ሰውዬ ጋር ከተኳረፉ አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ በምን እንደሆነ ሁለቱም የረሱት ይመስለኛል። ጋሼ፣ ሰው ያይዎታል አልኳቸው። ይይ አሉ። በተሸካሚና በጋሪ መሃል፣ ክንዴን ይዘው፣ በእግራቸው ጉድጓዱን እየፈለጉ ተሻገሩ። መንገዱ ሁሉ አየ። አንድ ደላላ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ጋሽ ወልዴ ከወንበሩ ተነሣ። ዓይናቸውን አየ፣ ገባው። የራሱን ወንበር አስጠጋላቸው። ጋሽ ሸ. አሉ፤ ለዚህች ልጅ የደህና ሰው ዕቃ ስጣት፣ የእኔ ተበላሽቶብኛል። ከዚያ ወደ ደረጀ።

«አንተ ልጅ፣ ቁጥሩን ጮክ ብለህ አንብብልኝ። አምስቱንም።»

ደረጀ ተንበርክኮ አነበበ። አንዱ ላይ ቆመና ይኼኛው ከሌሎቹ በሦስት ዓመት ያረጀ ነው አለ። ጋሽ ወልዴ ሳይከራከር ለወጠው። እኔ? ቆሜ ቦርሳ ያዝኩ።

ሰኞ፣ ሰኔ 23። ጧት 4

አዲሶቹን በእርጥብ አስፋልት ፈተንኩ። ፍሬን ያዝኩ፤ ቀጥ። መሪው አይንቀጠቀጥም። ድምፁ ትንሽ እም ይላል እንጂ አይጮኽም። ከከተማ ወጥቼ ጭቃ ውስጥ ገባሁ። ንፋስ ቀነስኩ። ቀስ ብላ፣ እንደ በሬ፣ ወጣች።

ጎኔ የተቀመጠው ሰው አንድም ጊዜ ነግሬሽ ነበር አላለም። ቢል ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ሰኔ 30። ምሽት 12

ዕቃ ጫንኩ። ክሪክ፣ አካፋ፣ የንፋስ መለኪያ፣ ገመድ። ነገ ንጋት 11 እነሳለሁ።

ጋሽ ሸ. ጧት ልከውብኝ ሄድኩ። አዲስ ዕቃ ሲገባ የሚያነብላቸው ሰው ይፈልጋሉ። እኔን የፈለጉ መሰለኝ፤ ጀርባዬን ቀና አደረግሁ። «ወንድምሽን ላኪልኝ» አሉ። «ሲጠራጠር ጭቃ ላይ የሚተኛ ሰው ነው የምፈልገው።»

ለደረጀ ነገርኩት። ጮቤ ይረግጣል ብዬ ነበር። አንቺ ብቻሽን ቆላ ልትወርጂ ነው? አለኝ። ክሪኩን ማን ይይዝልሻል? አለኝ። ከተወለደ እንደዚህ ጠይቆኝ አያውቅም። ወይ ጠይቆኝ አልሰማሁትም።

ጋሽ ሸ. ዘንድ ይሂድ። ወስኛለሁ። እኔ ብቻዬን እወርዳለሁ፤ ነርሶቹ ክሪክ መያዝ ይማራሉ።

ግን ሳልነሣ ልነግረው የሚገባ አንድ ነገር አለ። አፌ አልለመደውም። ደብተሬ፣ አንተ ላይ ልለማመደው ብዬ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ። እየታጠበ ነው። የውኃው ድምፅ ቆመ። ሲወጣ እንዲህ እለዋለሁ፤ ደረጀ፣ ያን ቀን ጎሚስታው ፊት የሳቅሁብህ… ወጣ።