ደምህ ቀድሞ የነገረን

ውድ ባለቤቴ፣

ሰው ሁሉ «በርቺ» ይለኛል። መበርታቱም ደከመኝ፤ ከአንተ ጋር ትንሽ ላውራ።

ዕጢውን ከቆሽትህ አውጥተው ኬሞውንም ጨርሰህ ሐኪሟ የጠራችን ቀን እየሳቅክ ነበር የገባኸው። ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነው ተብለሃላ። እሷ ግን ወንበሯን ወደ እኛ ሳበች።

«ዕጢ ዘረመሉን ደም ውስጥ ይጥላል። ስካኑ ምንም አላየም፤ የደም ምርመራው ግን ምልክቱን አግኝቷል። በሽታው ሳይመለስ አልቀረም።»

«እኔ እኮ ደህና ነኝ! ትናንት አራተኛ ፎቅ በእግሬ ወጥቻለሁ።»

«አሁኑኑ ሌላ መድኃኒት ብንጀምር ዕድሜ ይጨምር እንደሆነ ገና እየተጠና ነው። አላውቅም ብል ይሻላል። ምርጫው የእርስዎ ነው።»

እኔ «እንጀምር» አልኩ። አንተ «ስካኑ ላይ ሲታይ» አልክ። ተኳረፍን። ሳህን እያንኳኳሁ ሰነበትኩ።

አንድ ጠዋት የመኪናችንን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጥክ። የሰው ሚስት ሁሉ መንዳት ስታስተምር ኖረህ፣ እኔን ግን «አንቺን ካስተማርኩ እንፋታለን» ትል ነበር።

«ምነው አሁን?»

«ሆስፒታል ስመላለስ የታክሲ ሹፌር ወሬ አልችልም።»

«ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮኑን ርገጪ እንጂ!» ትለኝ ጀመር። አንድ ቀን አደባባይ መሀል ሞተር ጠፍቶብኝ አለቀስኩ። ከኋላ መኪናው ሁሉ ይጮኻል። «ተያቸው፤ ጥሩምባ እንጂ ጥይት አይደለም» አልከኝ። እነዚያን ወራት ሳቅን። ምግብ ይበላልህ ነበር። እኔ ግን ሌሊት ሌሊት ደምህን እያሰብኩ አልተኛም ነበር፤ ይህን አልነገርኩህም።

ከዚያ ስካኑም አየው። መድኃኒቱን ጀመርክ፤ እኔም አመላለስኩህ። ሁልጊዜ ከጎኔ ሆነህ በሌለ ፍሬን ላይ ትረግጥ ነበር። መጨረሻ የወሰድኩህ ቀን ግን እግርህ አልተንቀሳቀሰም። ማርሹን ሳንጓጓው እንኳ አልጮህክብኝም። ያኔ ነው ልትሄድብኝ መሆኑ የገባኝ።

በቀደም ሐኪሟን አገኘኋት። «ያኔ ባልነግራችሁ ይሻል ነበር?» አለችኝ። ስንቱን ስትነግር እንደምትውል ፊቷ ላይ ያስታውቃል። አዎ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም። «እኔም አላውቅም» አልኳት።

ነገ እናትህን ዓይን ሐኪም ዘንድ እወስዳቸዋለሁ። ከአሁኑ «ቀስ በይ ልጄ» እያሉኝ ነው። ቀስ እላለሁ። አንተም አትስጋ።

ዛሬም ያኮረፈችህ፣
ሚስትህ