ግማሹ የቀላ እርሾ

የካቲት 9፣ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ከጨርቅ ማድረቂያው ክፍል

ለምወድሽ፣ ዛሬ ግን ጠምጄ ለያዝኩሽ እህቴ፣

እንዴት ሰንብተሻል? ደህና እንደሆንሽ እገምታለሁ፤ ነጭ ጋውን ለብሰሽ፣ ንጹህ ክፍል ውስጥ ንጹህ አየር እየሳብሽ ነው የምትውዪው። እኛም ደህና ነን ልልሽ ነበር፤ ግን እኔ የምልሽን አታምኚም፣ ቀለም ማባከን ነው።

ተናድጃለሁ፣ እትዬ። ስናደድ አይተሽኝ አታውቂም። እኔም ራሴን አይቼ ስለማላውቅ መጀመሪያ የራበኝ መስሎኝ ነበር።

የእማዬን ሰማያዊ ገንዳ ታውቂዋለሽ፤ አንቺን ያስተማረ ገንዳ ነው። አዲሱ ማቅለሚያ ወደ ፋብሪካችን ከገባ ወዲህ አፍንጫዋ ይደማል። እኔ እዚያው ጥቅል ተሸካሚ አይደለሁ? ጨርቁ እየፈላ ሳለ ከገንዳው በጠርሙስ ቀድቼ ላኩልሽ። አለቃችንም (ሁሉም «ጡሩምባ» ነው የሚለው፣ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ) ሴቶቹ ሲያጉረመርሙበት ጊዜ የራሱን ጠርሙስ ወደ መሥሪያ ቤትሽ ላቦራቶሪ ላከ። እሱ ግን ከገንዳው አልቀዳም። ከበርሜሉ ነው የቀዳው፣ ገና ሳይፈላ፣ ቀለሙን ከጨርቁ የሚያይዘው ፈሳሽ ሳይገባበት። በዓይኔ አይቻለሁ።

የእሱን ባክቴሪያ ላይ አድርገሽ ፈተንሽው፣ ምንም ጉዳት አልታየም። የእኔን እርሾ ላይ ጠብ አደረግሽው፣ ነጩ እርሾ ግማሽ ግማሹ ቀላ። ከዚያ ደወልሽ።

«ምን ጨመርክበት?»

«ምንም።»

«እውነቱን ንገረኝ፣ አንተ ቀላማጅ። ያንን የጎማ እባብ በፖስታ የላከልኝ ማን ነበር?»

«እባቡን እኔ ነኝ። ጠርሙሱ ግን የምር ነው።»

«ባልደረቦቼ ፊት መሳቂያ አደረግኸኝ» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ጠርሙሴንም ደፋሽው።

እሺ፣ እኔ ስምንተኛ ክፍልን ከመውደዴ የተነሳ ሁለቴ የተማርኩ ሰው ነኝ። ግን ይህን ነገር ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። ለእረፍት መጥተሽ በረንዳው ላይ ተቀምጠን፣ ሥራሽን በሁለት ጃንጥላ አላስረዳሽኝም? እያንዳንዱ ሴል አንድ ከእናት አንድ ከአባት የመጣ ዲኤንኤ አለው፣ እንደ ጥንድ ጃንጥላ፤ አንዱ ቢቀደድ ሌላው ይከልላል አልሽኝ። መርዝ ዲኤንኤውን ሲበጥሰው ሴሏ ልትጠግነው ትሞክራለች፤ ከጥንዱ ትቀዳለች፣ ቁራጭ በቁራጭ ታለዋውጣለች። ብዙ ጊዜ ይሳካላታል። አንዳንዴ ግን ልውውጡ ሲያልቅ ከእሷ የምትወለደው ሴል ሁለት ቀዳዳ ጃንጥላ ታቅፋ ትቀራለች። ካንሰር በዚያ በኩል ሊገባ ይችላል አልሽ። ያ ባክቴሪያሽ ደግሞ ጥንድ የሌለው ወንደላጤ ነው፤ የተበላሸ የዲኤንኤ ፊደል ያሳይሻል እንጂ ይህን ልውውጥ አያሳይሽም። እርሾ የምታረቢው ለዚህ ነው። ልውውጡ ሲፈጠር ነጩ ላይ ቀይ ይወጣል። ተሳሳትኩ?

ታዲያ የኛ ቀለም ሰማያዊ ነው። ቀዩን ከየት አመጣሁት? ቀይ ቀለም ጨምሬ ቢሆን ሁሉም ይቀላ ነበር። እንደ ብርቱካን ክፋይ ግማሹን ብቻ እያቀላ እርሾ በብሩሽ የሚቀባ ሰው ካለ አሳዪኝ፣ ተማሪው ልሁን። ሌላ መርዝ ጨምሮበት ይሆናል ካልሽም ንገሪኝ፤ በእማዬ ትንፋሽ የምቀልድ ሰው መሆኔን ከአንቺ አፍ ልስማው።

ውጤትሽ የደረሰ ቀን ጡሩምባ ወንበር ላይ ወጥቶ አነበበው። «ንጹህ ነው። የመረመረችው ደግሞ የራሳችሁ ልጅ ናት» አለ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። እማዬ አንገቷን ደፍታ ፈገግ አለች፤ እንዲያ ስትኮራ አይቻት አላውቅም። በማግስቱ የጓንቱ መጋዘን ተቆለፈ። «ለንጹህ ነገር ጓንት ምን ያደርጋል?» አለ። አንዷ ልትከራከር ስትል ያስቆመቻት ማን ይመስልሻል?

«ልጄ በመሣሪያ አይታዋለች። አንቺ ከእሷ ታውቂያለሽ?» አለቻትና እጅጌዋን ሰብስባ ባዶ እጇን ነከረች። ሌሎቹም ተከተሏት።

ጎትቼ ወደ ጥግ ወሰድኳት። «እማዬ፣ እሷ ያየችው ጠርሙስ ሌላ ነው።»

«አንተ ደግሞ ተው። ቀልዱስ ይሁን፣ በእህትህ መቅናት ከመቼ ወዲህ ነው?»

ይህን ስትለኝ ምን እንደተሰማኝ አልጽፍልሽም።

ካለፈው ሳምንት ሰኞ ጀምሮ ጥቅል መሸከሙን ትቼ የእሷ ገንዳ ላይ ገብቻለሁ። ማማሰያውን እኔ እይዛለሁ፣ እሷ ትንሽ ራቅ ብላ ጨርቁን ትቀበላለች። ጀርባዋን አመማት ብዬ ነው ጡሩምባን ያሳመንኩት። የመጋዘኑን ሰውዬም ለምኜ አንድ ጥንድ ጓንት ብቻ አወጣሁ። እንቢ እንደምትል ስለማውቅ ዋሸኋት።

«ደውላ ነበር። ጓንት ትልበስ ብላለች።»

«እሷ ራሷ?»

«እሷ ራሷ።»

ወዲያው አጠለቀችው። ንጹህ ከሆነ ለምን ብላ እንኳ አልጠየቀችም። ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ እንዲህ ቶሎ ታምኜ አላውቅም፤ በአንቺ ስም ስለዋሸሁ ነው። የቀሩት ሴቶች ግን ዛሬም ባዶ እጃቸውን ናቸው፣ እኔ ደግሞ ለእነሱ የሚበቃ ውሸትም ጓንትም የለኝም።

አዲስ ጠርሙስ ልኬልሻለሁ፣ ከሚፈላው ገንዳ። ምንም አልጨመርኩበትም። እርሾው ላይ አድርጊው። ነጭ ሆኖ ከቀረ ደውለሽ ስደቢኝ፤ እንደዚያ ስድብ የናፈቀኝ ነገር የለም። ከቀላ ግን ለጡሩምባ ጻፊ፣ በዚያው ፊርማሽ። እስከዚያው ለእማዬ ደውዪላትና ጓንቱን እንዳታወልቅ ንገሪያት። ውሸቴን እውነት አድርጊልኝ።

ጤናሽ ይብዛ፣ ዓይንሽ አይድከም፣ ደግ ሰው ይግጠምሽ። እማዬ ሳትጠይቂያት ትመርቅሻለች፤ ጠዋት ጠዋት ጓንቱን ስታጠልቅ ነው የምትመርቅሽ።

እጀ ሰማያዊው ወንድምሽ