ለተዘጋ በር የተሰጠ ሰላምታ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎስ፣ ዓይንዎስ እንዴት ነው? እማዬስ በርትታለች? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ሁልጊዜ ከዚህ ቀጥዬ ስለ ሥራዬ እቀልድልዎ ነበር። ዛሬ ግን ቀልዱ አፌ ላይ ደርቋል፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ድንጋጤው አልለቀቀኝም።

እንደሚያውቁት የምሠራው ሐኪም ቤት ውስጥ፣ አንድ የጥናት ክፍል ነው። የሚጠናው የእግራቸው የደም ሥር የጠበበባቸው ሰዎች፣ ያ ሳንባ የሚያጠቃው ቫይረስ ሲይዛቸው መጨረሻቸው ምን እንደሚሆን ነው። ሐኪሟ በእጇ የሞላችውን ቅጽ እኔ ኮምፒውተር ላይ እገለብጣለሁ። ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው። የመጨረሻው ሣጥን «ውጤት» ይላል፤ ዳነ፣ እግሩ ተቆረጠ፣ ሞተ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ስምንት ወር ሙሉ ምስር እንደሚለቅም ሰው፣ ልቤ ሌላ ቦታ ሆኖ ነበር የምሞላው።

ማክሰኞ ጠዋት የቁጥር 41 ቅጽ ደረሰኝ። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። ለዓመታት ሲራመድ ባቱን ጨምድዶ ይይዘው ነበር፤ ቆም ሲል ይተወዋል። ሐኪሟ ኅዳጉ ላይ እንደጻፈችው ለሚስቱ አልነገራትም፤ የሱቅ ዕቃ የሚያይ እየመሰለ ይቆም ነበር። ቫይረሱ በያዘው በስድስተኛው ቀን ደሙ ረጋ፣ እግሩ ቀዘቀዘ። የመጨረሻው ሣጥን ላይ ስደርስ ጣቶቼን ከቁልፎቹ ላይ አነሣሁ። ያየሁት ፖስተኛውን ሳይሆን እርስዎን ነበር። ቅጹን እስካሁን አላስገባሁትም።

አባባ፣ ዳገቱን ወጥተን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሲሸኙኝ በየሃምሳ እርምጃው ቆመው ሰው ሰላም ይሉ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጋ ስለ ልጆቿ፣ አናጺው ጋ ስለ ጣውላ። እኔ ረፈደብኝ ብዬ ስንቆራጠጥ «ችኩሏ» ይሉኛል። ማታ ቤት ውስጥ፣ አባባ ሰው ዘለው አያልፉም እያልን እንሥቃለን። አንድ እሑድ የአናጺው ሱቅ ዝግ ነበር፤ ማንም በሌለበት ለተዘጋው በር እጅ ነሥተው «እንደምን ዋልክ» አሉ። ያንን ታሪክ ያላወራሁለት ሰው የለም። ግንባርዎ በላብ ርሶ እንደነበር ትዝ ያለኝ ግን ገና ማክሰኞ ነው። አፈርኩ አባባ።

ሐኪሟ ጋ ሮጬ ገባሁ። መንገድ ላይ ቆሞ የሚያርፍ ሁሉ ይህ በሽታ አለበት ማለት አይደለም አለችኝ፤ ግን ሳይለካ አይታወቅም፣ መለካትም ያለበት ቫይረሱ ሳይቀድም ነው አለች። እንዴት እንደሚለካ እንዳይ፣ ነርሷ እኔኑ አልጋ ላይ አጋድማ የክንዴን የደም ግፊት ለካች፤ ከዚያ ካልሲዬን አስወልቃ የቁርጭምጭሚቴን። ሁለቱን ያስተያዩአቸዋል፣ በቃ። መርፌም የለው፣ ሕመምም የለው። እህቴ ባለፈው ጉንፋኑ ቤቱን አዳርሶ እርስዎ ብቻ እንደቀሩ ስትጽፍልኝ ሥቄ ነበር፤ አሁን ግን ያ ቫይረስ ቢሆንስ የሚለው እንቅልፍ ነሥቶኛል። እግርዎን እየበረደዎ በበጋ ሁለት ካልሲ እንደሚደርቡ አልረሳሁም። ጓሮ ተደብቀው የሚያጨሷትንም ሁላችንም እናውቃለን።

ይህን ደብዳቤ እህቴ ሁሉም በተቀመጡበት ጮክ ብላ እንደምታነብልዎ አውቃለሁ። ለብቻዎ ልደውልልዎ አስቤ ነበር፤ «ደህና ነኝ» ብለው ጆሮዬ ላይ ይዘጉታል። ስለዚህ ሆን ብዬ ሰው ፊት አጋለጥኩዎ። ይቀየሙኝ፣ ግን ይለኩ።

እማዬን ይሳሙልኝ፤ ሕመምዎን ስለ ደበቋት እንዳትቆጣዎ አደራ ይበሉልኝ። እህቴ፣ እዚህ ስትደርሺ ድምፅሽ እንዳይቆረጥ፣ በርቺ። ባልሽ ሰኞ ሥራውን ትቶ አባባን ሐኪም ቤት ይውሰድልኝ። አባባ፣ አናጺውንም ሰላም ይበሉልኝ።

ዳገቱ ላይ መቆም ካለብዎ ይቁሙ። ሰላም የሚሉት ሰው ሲያጡ ግን፣ እባክዎ አባባ፣ አጠገብዎ ላለው እግሬን አመመኝ ይበሉት።

ችኩሏ ልጅዎ
ከጥናት ክፍሉ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ሐሙስ፣ ኅዳር 14 ቀን