የምትዋሽ ሽቦ

ሰኞ
እጄን የጫጩት መፈልፈያው ሣጥን ውስጥ ስከት ፈጀኝ። አምፖሎቹ መጥፋት ሲገባቸው በርተው ቀርተዋል። ሙቀት መቆጣጠሪያው ሞቷል! ስድሳ እንቁላል፣ ዘጠነኛ ቀናቸው። ያለፈው ዙር ተቀቅሎ ቀርቶብኛል፤ ይህም ከከሸፈ ባለቤቴ ሣጥኑን ሊሸጠው ነው።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋሽ ቶሎሳ ከጎሬ በሚኒባስ መጡ። አዲስ ገጠሙ፣ 37.5 ዲግሪ ላይ ሞሉት፣ ሲጠፋና ሲበራ አሳዩኝ። አሮጌውን ግን «ለመለዋወጫ ይሆነኛል» ብለው ኪሳቸው ከተቱት። የሞተ ዕቃ ምን ይረባቸዋል? እሳቸውም እንደኔ ዶሮ አርቢ ናቸው፤ ተፎካካሪ።

ማክሰኞ
መቆጣጠሪያው 37.5 ይላል። አላመንኩትም። ከጎረቤታችን ነርስ የብብት ቴርሞሜትር ተውሼ፣ ላስተምር ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት እንቁላሎቹ መሃል አስቀመጥኩ። ስመለስ 39 አልፏል። በራሴ ብብት ሞከርኩት፤ ደህና ነው። ስለዚህ ውሸታሙ መቆጣጠሪያው ነው። አሮጌ ዕቃ ገጥመውልኛል፣ አለቀ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።
ለጊዜው ቁጥሩን ወደ 36 አወረድኩት።

ረቡዕ
ጋሽ ቶሎሳ ስልክ አያነሱም። ለምን? አሮጌውን ለምን ወሰዱ? ክፍያውን ተቀብለው ለምን ቸኮሉ? መምህራን ማረፊያ ውስጥ ስማቸውን ጠርቼ አማኋቸው። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው።
እማዬ ጉልበቷን ለመታከም ከቡሬ መጥታ እኛ ጋ ናት። «እግዜር ያውቃል፣ አትቆጪ» አለችኝ። እሷ ምን አለባት!

ሐሙስ
መጡ። ስልካቸው ተበላሽቶ ነበር አሉ። (እሺ።) ሙቀት የምትለካውን ሽቦ ከሣጥኑ አውጥተው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከሩ፤ የተዋስኩትን ቴርሞሜትርም አብረው። ሁለቱም 38! አፈርኩ፣ ግን አልተሸነፍኩም።
«ሽቦዋን ማን ነው ወደ አየር ቀዳዳው ያስጠጋት?» አሉኝ። «እዚያ ብርድ ሲነካት ሣጥኑ የበረደ እየመሰላት አምፖሎቹን ታበራለች። እኔ መሃል ላይ ነበር ያሰርኳት፣ አስቱ።»
እግር አውጥታ ሄደች? ራሳቸው ረስተውት ይሆናላ። በሲባጎ መሃል ላይ አሰሯት፣ ቁጥሩን 37.5 ላይ መለሱ። ሻይ ይጠጡ ብላቸው እንቢ ብለው ሄዱ።

ዓርብ
የመምህራን ስብሰባ ቀርቶ በጊዜ ቤት ገባሁ። እማዬ ሣጥኑን ከፍታለች፤ በአንድ እጇ የጠበል ጠርሙስ። ሲባጎው ተፈቷል፣ ሽቦዋ ቀዳዳው ጋ።
«ያለፈው ዙር የሞተብሽ የሰው ዓይን ነው፣ ልጄ። በየቀኑ አንቺ ሳትኖሪ ረጨት አደርግላቸዋለሁ። ሽቦዋን ውሃ እንዳይነካት ገለል አድርጌ ነው።»
ጥንቃቄዋ! መጮህ አማረኝ። አልጮህኩም። ሽቦዋን ራሴ መልሼ አሰርኩ፣ ጠበሉን በሣጥኑ ዙሪያ ብቻ እንድትረጭ ለመንኳት። እሺ አለች።
ጋሽ ቶሎሳ ጋ ደውዬ ሁሉንም ተናዘዝኩ፣ ሐሜቱንም ጭምር። በኦሮምኛ «ራኮ ሂንቀቡ» አሉ፤ ችግር የለም ማለታቸው ነው። ድምፃቸው ግን ችግር ነበረው።

ቅዳሜ
ሙቀቱ ከትናንት ጀምሮ ልክ ነው። መስኮቱን ዘግቼ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በስልክ መብራት አየኋቸው። ሃያ ሁለቱ ጭጭ። ሠላሳ ስምንቱ ውስጥ ግን ትንሽ ጥቁር ነገር ትወራጫለች። ተቀምጬ አለቀስኩ።
እማዬ ከበሩ «ስንቱ ተረፈ?» አለች።
«ሠላሳ ስምንት።»
«አየሽ? ጠበሉ ነው» አለችና አማተበች።
ስለ ሃያ ሁለቱ አልነገርኳትም።