ማሚቱ ዳጣ እና ማሚዬ ዳጣ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2007
ገና በጠዋቱ ይሞቃል። ቃሪያው ተወቅጦ አለቀ፣ ጠርሙሶቹን ሞላሁ። ወደ ሲቀላ ገበያ ወረድኩ። ዳጣዬን የሚሸጥልኝ ሚፍታ ሱቅ ስገባ መደርደሪያው በዳጣዬ ተሞልቷል።
«ገና አላለቀልህም?»
ሳቀ። «ማሚቱ፣ እሱ ያንቺ አይደለም። የበለጥሽ ነው።»
ቀይ ክዳን። አረንጓዴ ወረቀት። ሻሽ ያሰረች ሴት ፎቶ። «ማሚዬ ዳጣ» ይላል። የኔ «ማሚቱ ዳጣ» ነው፤ ክዳኑም ወረቀቱም አንድ፣ ሻሽ አስሬ የተነሣሁት ፎቶም አለበት። እኔው ራሴ ተሳሳትኩ!
በለጥሽ... ስድስት ዓመት ማድ ቤቴ ስትወቅጥ የኖረች። አምና «እናቴን ላስታምም» ብላ የወጣች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ቤቷ ሄድኩ። ከገረሴ ያመጣቻት እናቷ በር ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ዓይኗ ደክሟል።
«እትዬ፣ ማሚዬ የምለው እናቴን ነው። ፎቶውም የሷ ነው።»
«ሌላ ክዳን፣ ሌላ ስም ጠፍቶ?»
 በለጥሽ፣ «በሌላማ ማን ይገዛኛል?»
በቃ። ከአፏ ወጣ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5
ክስ ገባ። የንግድ ምልክቴን ቀድሜ ማስመዝገቤ በጀኝ። በለጥሽ ሽማግሌ ላከች። «ሁሉንም ትቀይራለች» አሉ። ፍርድ ቤት ሲያዛት ትቀይር፣ አልኳቸው።

ረቡዕ፣ ጥር 13
በለጥሽ ፍርድ ቤት እናቷን ምስክር አድርጋ አመጣች። «ሙያውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አለች አሮጊቷ፣ በአስተርጓሚ። ጠበቃዬ ታምሩ ተነሣ። ሁለቱን ጠርሙስ ሰጣት።
«እማማ፣ የልጅዎ የትኛው ነው?»
ዳበሰች። ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ፎቶውን ሳመችው። «ይቺ እኔ ነኝ። ይሄ የልጄ ነው።»
የኔ ነበር! የኔ ፎቶ!
ሰው ሁሉ ሳቀ። አሮጊቷ ምን እንደሆነ አልገባትም፤ አብራ ሳቀች። በለጥሽ አቀረቀረች።
ታምሩ ሲወጣ፣ «እናት ከተምታታባት ገበያተኛማ...» አለ። ጠርሙሱን ስጣት ያልኩት እኔ ነኝ። ዓይኗን አይቼው ነበራ።

ዓርብ፣ የካቲት 20
ረታሁ። በዚያ ምልክት የታሸገው ሁሉ ይወገድ ተባለ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 2
ዳጣዋ ሲደፋ ቆሜ አየሁ። ማን ሂጂ አለኝ? ማንም።
በለጥሽ እግሬ ላይ ወደቀች። «እትዬ፣ ወረቀቱን ልላጠው፣ ክዳኑን ልቀይረው። ምግቡ ምን በደለ?»
የፍርድ አስፈጻሚው ወደኔ ዞረ። «ከተስማማሽ ይቻላል።»
«ድፋው» አልኩት።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 12
ከፋሲካ ወዲህ ሚፍታ ሦስት ጊዜ ደወለ። ገዢ እየመለሰ ነው። «ማሚቱ ዳጣ ተበላሸ» ይላሉ አሉ።
«ምኑ ተበላሸ? ሁሌ እንደምሠራው ነው የሠራሁት!»
«እኮ! የወደዱት የሷን ነበር፤ ያንቺ መስሏቸው።»
ከጥቅምት ወዲህ ያመሰገኑኝ ሁሉ? ከዚያ በፊትስ... ስድስት ዓመት የወቀጠው ማን ነበር?
ስልኩን ዘጋሁት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 19
በለጥሽ ከተመለሰች ሦስት ሳምንት ሆናት። በሚፍታ ነው ያስጠራኋት። እናቷ አልጋ ይዛለች፤ ወዴት ትሄዳለች? ለብቻዋ ዳጣ እንዳትሠራ አስፈረምኳት። ጓሮ ትወቅጣለች። ከሰላምታ በቀር አታናግረኝም።
ዛሬ ከካምባ አንዲት ነጋዴ መጣች። እዚያው ጓሮ ቆማ ቀመሰች።
«ውይ ማሚቱ! የድሮው ጣዕም! እጅሽ ይባረክ!»
ውቀጣው ቆመ። በለጥሽ በቃሪያ የተቃጠለ እጇን ዘነዘናው ላይ እንዳሳረፈች ቀና ብላ አየችኝ። ምን እንደምል ትጠብቃለች።
«አሜን» አልኩ።