የናሻዌይ ዘመን

ለምወድሽ ልጄ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ሙሉ ጤና ሆነሽ፣ ቤትሽም ሞቆ ያግኝሽ። እንዴት ሰነበትሽ? የእግርሽ እብጠት ቀነሰልሽ? ባልሽን ያ ክፉ ሳል ለቀቀው? እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያማርረኛል እንጂ እጄ ዛሬም የሸራ መርፌ ይይዛል። ምን ይበላ ይሆን ብለሽ አትጨነቂ፤ ጎረቤቴ ሚስዝ ፔክ በየሳምንቱ በሞላሰስ የበሰለ ባቄላ ትልክልኛለች።

ልጄ፣ መርከባችንን ናሻዌይን አቃጠሏት። የባሕር ኃይሉ ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሸጧት ኖሮ፣ ሰውየው መዳቧን ሊለቅም ከወደቡ ማዶ አሸዋ ላይ አስጎትቶ እሳት ለኮሰባት። ሰምቼ ቤት መቀመጥ አቃተኝ፤ ዱላዬን ይዤ ሄድኩ። ከድሮዎቹ መርከበኞች የመጣው የመድፈኞቹ አለቃ ሃኒጋን ብቻ ነበር። ጥርሱ አልቋል፤ ምላሱ ግን ያችው ናት።

«አንተ ሽማግሌ፣ እስካሁን አልሞትክም?» አለኝ።

«አንተን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ!» አልኩት።

ከዚያ ምሰሶዋ ሲወድቅ ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን።

ፖርትስመዝ ላይ ተሠርታ መጀመሪያ ውኃ የነካች ዕለት የለበሰችውን ሸራ ከሰፉት አንዱ እኔ ነበርኩ። ባለ ሦስት ምሰሶ፣ ወገበ ቀጭን፣ በግራና ቀኝ ጎኗ መድፍ የተደረደረባት ነበረች። መኰንኖቹ በመርከብ ዓይነቷ ስሉፕ ይሏታል፤ እኛ «ልጅቷ» ነበር የምንላት። ቻይና፣ ካንተን ወደብ ወስዳን ዳክዬ በልተናል፤ ናጋሳኪ ወደብ ላይ ዝናብ ሲያረሰርሰን ሰንብተናል። በአፍሪካ ጠረፍም የባሪያ ነጋዴዎችን ስናሳድድ አንዱን መርከብ ያዝን። የታችኛውን ክፍል ክዳን ከፍተን የታሰሩትን ሰዎች ስናወጣ፣ ብርሃኑን ፈርተው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። እኔ፣ ከነፃ እናት የተወለድኩት ጥቁር ሰው፣ ናሻዌይን «የኔ መርከብ» ብዬ የጠራኋት የዚያን ቀን ነው።

ኋላ የእርስ በርሱ ጦርነት መጣና ደቡብ ካሮላይና ወርደን አንድ ወንዝ አፍ ላይ መልሕቅ ጣልን። አንድ ጧት፣ ጭጋጉ ገና ሳይገፈፍ፣ የመቅዘፊያ ድምፅ ሰማን። ወንዙ ዳር ካለ የሩዝ እርሻ፣ ከባርነት የጠፉ ሁለት ሰዎች በአንዲት ጠባብ ታንኳ መጡ። አንደኛዋ እናትሽ ነበረች፤ አንቺን አርግዛ። ቀዛፊው ረጅም፣ እንዳንቺ ግራኝ የሆነ፣ ታይተስ የሚባል ሰው ነው። እሷን በገመዱ መሰላል ደግፎ አወጣትና እኔ ተቀበልኳት። እሱ ግን ታንኳው ላይ ቀረ።

«ውጣ እንጂ፣ ሰውዬ! ጭጋጉ እኮ ሊገፈፍ ነው!» ብሎ ሃኒጋን ጮኸበት።

«እናቴ ሸምበቆው ውስጥ ተደብቃለች። ታንኳዋ ሦስት ሰው አትችልም» አለ። ከዚያ ወደኔ ቀና ብሎ፣ «ወንድሜ፣ እሷን እስክመለስ ያዝልኝ» አለኝ።

«አትሂድ!» ብላ እናትሽ ልብሴን ጨምድዳ ያዘች። እሱ ሳቀላትና ጭጋጉ ውስጥ ገባ።

ጥቂት ቆይቶ ከዳር ተኩስ ተሰማ። ካፒቴኑ ወዲያው ጀልባ ላከ። የተላኩት መርከበኞች ያገኙት የተገለበጠችውን ታንኳ ብቻ ነው።

አንቺ የመጣሽው ከዚያ በኋላ ነው፤ ፖርት ሮያል ወደብ ሳንደርስ፣ መርከቧ በማዕበል እየተላጋች። ሐኪሙ ከናትሽ ይልቅ ራሱ ነበር የሚያቃስተው። አናጢው ከጥይት ሣጥን አልጋ ሠራልሽ፤ እኔ ከስስ ሸራ መጠቅለያ ሰፋሁልሽ። ለአንድ አድሚራል የክብር መድፍ ይተኮስ ሲባል ሃኒጋን፣ «ሕፃኗ አሁን ገና ነው እንቅልፍ የወሰዳት» ብሎ ተከራከረ። ካፒቴኑ ስቆ፣ «እንግዲያው በቀስታ ተኩስ!» አለው። መድፍ በቀስታ ይተኮስ ይመስል!

ጦርነቱ ሲያበቃ እኔና እናትሽ እዚህ መጣን፤ የቀረውን ታውቂዋለሽ። ናሻዌይ ግን ሥራ አላረፈችም። ፓስፊክን ዞረች፤ ስታረጅ ወጣት መርከበኞች ተማሩባት፤ መጨረሻ ላይ ቢጫ ወባ የያዛቸው ሰዎች ማረፊያ ሆነች። የሚያሳዝነኝ ማርጀቷ አይደለም፤ እኛም አርጅተናል። ያን ሁሉ ሰው ተሸክማ፣ ስትነድ የቆምነው ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ መሆናችን ነው።

ባለፈው የላክሽልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። የሚወለደው ወንድ ከሆነ በስሜ ልትጠሪው አስበሻል። ደስታዬን አልደብቅሽም፤ ለሚስዝ ፔክም፣ ለሥጋ ሻጩም አውርቻለሁ። ግን ልጄ፣ ታይተስ በዪው። እናትሽ በዚያ ሁሉ ዓመት ይህን ስም አውጥታ ስትጠራ የሰማኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያረፈችበት ዕለት። እጇ እጄ ውስጥ ነበር። አልከፋኝም። «እስክመለስ ያዝልኝ» ነበር የተባልኩት፤ ያዝኩለት።

የኔን ስም ለሁለተኛው አቆዪልኝ።

እግዚአብሔር በሰላም ያገላግልሽ። ጡትሽን ወተት፣ ቤትሽን ሳቅ ይሙላው። ባልሽን ሳሚልኝ።

ሁልጊዜም አባትሽ