ከሃርግሮቭ መደብር ምንም ያልገዛንበት ገና

ጥር 8 ቀን 1962 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ ሚስተር ዴልመር ሃርግሮቭ፣
የኦክሌት ከተማ ከንቲባ፣ የነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበር እና የሃርግሮቭ መደብር ባለቤት፣
ኦክሌት፣ ጆርጂያ

ክቡር ከንቲባ ሆይ፣

ሦስት ማዕረግ በአንድ ጫንቃ መሸከም ቀላል አይደለምና ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎ፣ ክብርት ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ከረማችሁ? ጤና ከሁሉ ይበልጣል፤ በተለይ የከተማችን ሆስፒታል በፊት ለፊት በር ለሚያስገባው ሰው።

ስሜ ቨርሊን ታተም ነው። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት በመደብርዎ ምድር ቤት የደንበኞችዎን ቀሚስ ሳሳጥርና ሱሪ ሳሰፋ የኖርኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለፈው ሐሙስ በጋዜጣ ያወጡትን መግለጫ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከእንግዲህ ጥቁር ደንበኞችም በመደብርዎ ተቀምጠው ጫማ መለካት እንደሚችሉ፣ ይህም ከበጎ ፈቃድዎ የመነጨ እንደሆነ፣ «ያለፈው አሳዛኝ አለመግባባት» ተረስቶም ሁላችንም ወደ ገበያ እንድንመለስ ገልጸዋል። ስለ በጎ ፈቃድዎ እጅግ አመሰግናለሁ። ይሁንና ቶሎ ያለመርሳት ክፉ አመል ስላለብኝ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን በቁጥር ለይቼ ለማቅረብ ፈቃድዎን እለምናለሁ።

፩. «አለመግባባት» ስለሚለው ቃል።

አለመግባባት ያሉት ሚስ አርዴሊያ ክሩምን ነው። ስማቸውን በመግለጫው ውስጥ ፈልጌ አጣሁት፤ ምናልባት ቦታ ጠብቦ ይሆናል። ሚስ አርዴሊያ የስድሳ ሰባት ዓመት ሴት ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ የዚህን ከተማ ጥቁር ልጆች ፊደል ያስቆጠሩ መምህርት ናቸው፤ ከቆጠሩትም አንዷ እኔ ነኝ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የፊደል ግድፈት ካጡ ምስጋናው የእሳቸው ነው።

እንደሚያውቁት፣ በመደብርዎ ደንብ ጥቁር እግር ያልተገዛ ጫማ ውስጥ አይገባም ነበር። እኛ ቤታችን እግራችንን ወረቀት ላይ አሳርፈን ዙሪያውን በእርሳስ እንከልላለን፤ ሻጯ ወረቀቱን ከጫማው ሥር ጋር ታስተያያለች፤ የገዛነውም አይመለስም። ሚስ አርዴሊያ በኅዳር መጀመሪያ እንዲህ አድርገው የገዙት የብርድ ጫማ ጣታቸውን ስለላጠው በማግሥቱ ይዘውት ተመለሱ። አይመለስም ተባሉ። እንግዲያው ሌላ ልግዛ አሉና ባዶ ከነበሩት ስምንት ወንበሮች በአንዱ ተቀመጡ፤ መደርደሪያው ላይ ከነበሩት ጫማዎችም አንዱን አንስተው አጠለቁ። ጥፋታቸው ይኸው ነው።

ሻጯ ፖሊስ ጠራች። ፖሊስ ክላይድ ራስክ መጣና፣ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን ሰው፣ «ተነሺ» አላቸው። እሳቸውም ክፍል ውስጥ እንደሚናገሩት በረጋ ድምፅ፣ «ክሩን ልሰር ልጄ፣ ከዚያ እነሳለሁ» አሉት። አላስጨረሳቸውም። በክንዳቸው ይዞ ሲጎትታቸው ወለሉ ላይ ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ሆስፒታል ለእኛ በተመደበው ምድር ቤት ሐኪም እስኪመጣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠበቁ፤ በዘጠነኛው ቀን አረፉ። ስለ ሞታቸው በተደረገው ምርመራ ዳኛው የተቀበሉት ቃል፣ እግራቸው ላይ የነበረው ጫማ አደናቅፎ ጣላቸው የሚል ነው። ጫማው የእርስዎ እንደነበር ግን መዝገቡ አልጠቀሰም።

፪. ስለ ራሴ።

ይህኛው በእርስዎ ላይ አይደለም፤ ቢዘሉትም አልቀየምም። ያን ቀን እኔ ከጫማው ክፍል በታች ነበርኩ። ከበላዬ አንድ ነገር ዱብ ሲል ሰማሁ፤ ካርቶን የወደቀ መሰለኝ። ከዚያ ጩኸታቸው መጣ። ድምፃቸውን ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ደረጃውን ወጥቼ በሩ ጋ ስደርስ የክፍሉ ኃላፊ፣ «ቨርሊን፣ አንቺን አይመለከትሽም፤ ወደ ሥራሽ» አለኝ። ተመለስኩ። የክብርት ባለቤትዎን አረንጓዴ ቀሚስ ጠርዝ እየሰፋሁ ነበርና ጨረስኩት። ስፌቱ ምንም እንከን አልነበረበትም። ታዲያ ክቡርነትዎ ይህች ሴት ለምን እንዲህ መረረች ብለው ሲገረሙ፣ ግማሹ ምሬት በራሴ ላይ እንደሆነ እንዲያውቁልኝ ብዬ ነው።

፫. ከሌላ ከተማ ስለመጡት ቀስቃሾች።

ነገሩን ሁሉ ያመጡት እነሱ እንደሆኑ ጽፈዋል። እንግዲያው ቀስቃሿን ላስተዋውቅዎ። ዊልሜና ክሩም ትባላለች፤ የሚስ አርዴሊያ ታናሽ እህት ናት፤ ከኦክሌት ወጥታ የሄደችበት ሩቅ አገር ቢኖር የአክስቷ ቀብር የነበረበት ብቻ ነው።

እህቷን በቀበርን ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበን ነበር። ፓስተራችን ለእርስዎ አቤቱታ እንጻፍ አሉ። ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ የመደብሩን መስታወት በድንጋይ እናውርደው አሉ። ዲያቆን ኦቢ ሪንግልድ ደግሞ ገና ደርሷል፣ ሦስት ሴት ልጆቼ አሻንጉሊት ይጠብቃሉ፣ እስቲ በዓሉ ይለፍ ብሎ ለመነ። ያኔ ዊልሜና ከኋላ ረድፍ ተነሳች።

«ድንጋይም አትወርውሩ፣ አቤቱታም አትጻፉ» አለች። «እህቴን ከጣሉበት ቤት የተገዛ ስጦታ እኔ ቤት አይገባም። የእናንተን ቤት እናንተ ታውቃላችሁ።»

ይህን ብላ ተቀመጠች። ዲያቆን ኦቢ ቆቡን በእጁ እያሻሸ፣ «እንግዲህ ለልጆቼ እኔው እነግራቸዋለሁ» አለ። ሴራው ይህን ያህል ነው ክቡር ሆይ፤ ጠቅላላው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። እኔም በማግሥቱ የልኬት ሜትሬንና መቀሴን ይዤ ከምድር ቤትዎ ወጣሁ።

፬. ለልጆቻችን ስላዘኑት ሐዘን።

በኅዳር መጨረሻ ከሚውለው የምስጋና በዓል ማግሥት ጀምሮ አንድም የእኛ ሰው የማኅበርዎ ሱቆች በተደረደሩበት ዋና ጎዳና ላይ መርፌ እንኳ አልገዛም። እርስዎም በታኅሣሥ አጋማሽ በጋዜጣ፣ ወላጆች ለቂም ብለው የልጆቻቸውን ገና መንጠቃቸው ልብዎን እንደሰበረው ጻፉ። አነበብን፤ ተነካን። የመደብርዎ የገና አባት ከእነዚሁ ልጆች አንዱን እንኳ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ባያውቅም፣ ሐዘን ዘግይቶም ቢሆን ሐዘን ነው። ፖሊሶችዎ በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ቆመው የመኪኖቻችንን ታርጋ መመዝገባቸውን፣ የማኅበርዎ አባል የሆኑት የእንጨት መሰንጠቂያው ባለቤትም ዲያቆን ኦቢን ከአሥራ አንድ ዓመት ሥራው ማባረራቸውን ለልጆች ከማሰብ ቆጥረነዋል።

ገናም መጣ። ለእያንዳንዱ ልጅ ብርቱካንና አንድ እፍኝ የፒካን ለውዝ ደረሰው፤ ሴቶቹ የስኳር ድንች ኬክ ጋግረው መጡ። እኔ ከቁርጥራጭ ጨርቅ አርባ ሦስት አሻንጉሊት ሰፋሁ፤ ፊታቸው ቡናማ ነው፣ በመደብርዎ እንዲህ ያለ ተሽጦ ስለማያውቅ። የዲያቆን ኦቢ ትንሿ ልጅ የእሷን አገላብጣ አየቻትና፣ «እኔን ትመስላለች» አለች። ቅር ብሏት ይሁን ደስ ብሏት እስካሁን አልለየንም።

፭. ስለ ጉብኝትዎ።

ከገና ሁለት ቀን በፊት እርስዎ ራስዎ ደጄ ድረስ መጥተው አከበሩኝ። ከባዶ ሱቅ ወጥተው እንደመጡ ያስታውቅ ነበር። ኮፍያዎን አውልቀው፣ «ወይዘሮ ታተም፣ እንደምን ዋሉ?» አሉኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት «አንቺ ቨርሊን» ስባል ኖሬ ነበርና ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞርኩ።

«መስኮት ያለው ክፍል ልስጥዎ፣ አንዲት ጥቁር ሴትም በጓንት ሻጭነት ልቅጠር፣ እርስዎ ብቻ ሰዎችዎን ወደ ገበያ ይመልሱልኝ» አሉ። እኔም አንድ ነገር ጠየቅኩዎ፤ በሚስ አርዴሊያ ላይ የሆነውን፣ እንደሆነው፣ በጋዜጣ እንዲያወጡ። «ፍርድ ቤት የዘጋውን እኔ እንዴት እከፍታለሁ?» አሉኝና፣ እንደ ማጽናኛ፣ «አርዴሊያ ጥሩ ሴት ነበረች» አሉ።

«ነበሩ» አልኩዎ።

አልገባዎትም።

«ጥሩ ሴት ነበሩ» ብዬ ደገምኩልዎ። መኪናዎ ጋ እስኪደርሱ ጠበቅኩ፤ አንዲት ቃል ማስተካከል ይህን ያህል ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ኮፍያዎን አጥልቀው ሄዱ።

እነሆ አሁን ጫማ መለካት ተፈቅዷል። ሠላሳ ሦስት የገበያ ቀን ባዶ የዋለ መደብር ያስተማረውን በጎ ፈቃድ እናደንቃለን። ነገር ግን ፖሊስ ራስክ በአዲሱ ዓመት ማዕረግ እንደተጨመረለት በዚያው ጋዜጣ፣ ከመግለጫዎ በታች አነበብኩ። ዲያቆን ኦቢ ዛሬም ሥራ የለውም፤ ዊልሜናም የእህቷን ሞት «መደናቀፍ» የሚል ወረቀት መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጣለች። ስለዚህ ሚስ አርዴሊያ ክሩም ከነማዕረጋቸው በጋዜጣ እስኪጠሩ፣ የጎተታቸውም ሰው ዳኛ ፊት እስኪቆም ድረስ፣ ለግብዣዎ ከልብ እያመሰገንን መምጣት አንችልም።

ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ታዛዥዎ የነበረች፣ አሁን ግን አክባሪዎ ብቻ የሆነች፣

ወይዘሮ ቨርሊን ታተም
(ወይዘሮ የሚለውን እርስዎ ራስዎ ደጄ ላይ ስለሰጡኝ አልመልስም)

ማስታወሻ፦ ፋሲካ ዘንድሮ ሚያዝያ 22 ቀን ይውላል። ለፋሲካ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ አዲስ ልብስ ሳይለብስ ቤተ ክርስቲያን የማይገባው የእኛ ሰው እንደሆነ ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ጨርቁን ከሌላ ከተማ አስመጥተናል፤ የመጀመሪያዎቹን አሥራ አንድ ቀሚሶች ቆርጬ ጨርሻለሁ።